የጎረቤት ገል

አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ካርታ ይዘዋል። እስካሁን ደርቶ የነበረው ወሬ ድንገት ጸጥ ይላል። ሁሉም አንድ አንድ ካርታ ይመርጡና ፊቱን ደፍተው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ እኩል ይገልጡታል። የቀሩትን ሰባት እንዳሉ በግራቸው ላለው ሰው ያሳልፋሉ፤ በቀኛቸው ካለው ደግሞ ሌላ ሰባት ይቀበላሉ። እንደገና መምረጥ፣ እንደገና ማሳለፍ። እጃቸው ላይ ያለው እየተመናመነ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት ካርታ ብቻ ትደርሳቸዋለች፤ እሷን ወደዱም ጠሉም ይወስዷታል።

ጨዋታው «ሱሺ ጎ!» ይባላል። አውስትራሊያዊው ፊል ዎከር-ሃርዲንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። 108 ካርታዎች አሉት፤ በካርታዎቹ ላይ ጉንጫቸው የቀላ፣ ፈገግ ያሉ የሱሺ ጉርሻዎች ተስለዋል። ደንቡን ለአዲስ ሰው ለማስረዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቴምፑራ ሁለት ሲሆን 5 ነጥብ ያስገኛል፣ ሳሺሚ ሦስት ሲሆን 10 ነጥብ። ሁለት ሳሺሚ ይዞ ሦስተኛውን ያጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ከአራቱ አንዱ ወጣት ሁለት ሳሺሚ ፊቱ ዘርግቷል። ሦስተኛዋ ካርታ ያለችው በቀኙ በተቀመጠችው ሴት እጅ ነው። ለእሷ ምንም አትፈይድላትም። ብታሳልፋት ወጣቱ 10 ነጥብ ያፍሳል፤ ወስዳ ብታስቀራት ግን ለራሷ የሚጠቅማትን ካርታ መተው ሊኖርባት ነው። ወጣቱ አንገቱን አስግጎ ፊቷን ያነባል። እሷ ደግሞ ፊቷን ለመደበቅ ብላ ጭራሽ ሳቋ ይመጣባታል። ምቀኝነት ዋጋ የሚያስከፍልበት፣ ዋጋውም በነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው።

ኮንከር የተጫወተ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ኮንከር ላይም የምትጥለውን ካርታ ቀጣዩ ሰው እንደሚያነሳው እያሰብህ ነው የምትጥለው። ልዩነቱ እዚህ አንድ ካርታ ብቻ ሳይሆን የያዝከው ሁሉ ለጎረቤትህ መሄዱ፣ የእሱም ለሌላው መዳረሱ ነው። የራስህ የምትለው እጅ የለህም፤ የምትወስነው ከሚያልፍልህ ውስጥ የትኛውን እንደምታስቀር ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ድራፍቲንግ የሚባለው ይህ ዘዴ በሰፊው የታወቀው ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1993 ባወጣው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ተጫዋቾች ዘንድ ነበር። እነርሱ 15 ካርታ የያዘ እሽግ ከፍተው አንድ እየመረጡ ያሳልፉና፣ በመረጡት ካርታ ሌላ ረጅም ጨዋታ ይገጥሙ ነበር። ማሳለፉ መቅድም ነበር። መቅድሙን ነጥሎ ራሱን የቻለ ጨዋታ ያደረገው አንዱ ጃፓናዊ ነው፤ ሳቶሺ ናካሙራ በ2004 «ፌሪ ቴል»ን አወጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው አንትዋን ቦዛ «7 ዎንደርስ»ን ይዞ ሲመጣ ዘዴው ዓለምን ዞረ። እዚያ ሰባት ካርታ ይታደላል፤ ስድስቱ ይጫወታሉ፣ ሰባተኛው ይጣላል። በመጀመሪያው ዙር ወደ ግራ፣ በሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ በሦስተኛው ተመልሶ ወደ ግራ ይታለፋል።

እንደ «ሱሺ ጎ!» በቀለለ ጨዋታ ላይ ርዕሰ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የተለጠፈ ነገር ነው። ሱሺውን አንስተህ ፍራፍሬ ብታደርገው ሒሳቡ አይለወጥም። አሁን ግን የጠረጴዛ ጨዋታ ሠሪዎች ዓይናቸውን የጣሉበት አንድ ርዕስ አለ፤ ኪንትሱጊ፣ የተሰበረ ሸክላን በኡሩሺ ሙጫና በወርቅ ዱቄት የመጠገን የጃፓን ጥበብ። ሲያዩት ለካርታ የተፈጠረ ይመስላል። ገል ይሰበሰባል፣ ይገጣጠማል፣ በወርቅ ይደምቃል፣ ነጥብ ይቆጠራል፤ ሳጥኑም መደርደሪያ ላይ ያምራል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ በዚህ ጥበብና በዚህ የካርታ ዘዴ መካከል እውነተኛ ዝምድና አለ፤ ዝምድናው ግን ወርቁ ላይ አይደለም።

ይህን ለማየት ካርታውን አስቀምጦ የጠጋኙን ጠረጴዛ ማየት ያስፈልጋል።

የጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ወርቅ አይታይም። ያለው የስንዴ ዱቄት፣ ውኃ፣ የእንጨት መላጊያ ማንኪያና ጥቁር ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ጠጋኙ ዱቄቱን በጥቂት ውኃ ያቦካል፤ በላዩ ኡሩሺ ይጨምርና ሲነሳ እንደ ክር እስኪመዘዝ ያሸዋል። በገሉ ጠርዝ ላይ በስሱ ይቀባና ስብርባሪውን መልሶ ይገጥማል። ጣት በመጋጠሚያው ላይ ሲሄድ ከፍታ ዝቅታ ከተሰማው ይፈታና እንደገና ይገጠማል። ከዚያ በማሰሪያ ይዞ ሙሮ ወደሚባለው ቁም ሣጥን ያስገባዋል፤ ሣጥኑም ውስጡ እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት ነው።

ለመድረቅ እርጥበት? አዎን። ኡሩሺ እንደ ቀለም ውኃው ተንኖ አይደርቅም። በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር እርጥበትና ኦክስጅን ጋር ሲሠራ ነው የሚጠነክረው፤ ለዚህም ሞቅ ያለ፣ እርጥበቱ ከመቶ 70 እስከ 85 የሆነ አየር ይሻል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ብትተወው እያጣበቀ ይኖራል። በዱቄት የታሸው ማጣበቂያ ውስጡ ድረስ እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስዳል። ያለ ጓንት የነካው ሰው ደግሞ ቆዳው ሽፍ ይልና ለቀናት ሲያሳክከው ይሰነብታል። ኡሩሺ የሚቀዳበት ዛፍ የማንጎ ዘመድ ነው፤ የማንጎ ልጣጭ አፋቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች የዚያን መርዝ ታናሽ ወንድም ያውቁታል ማለት ነው። አንዴ ከጠነከረ ግን መርዝነቱ ይቀራል፤ አሲድም ሆነ የፈላ ውኃ አይበግረውም፣ ምግብ ቢቀርብበትም ችግር የለውም።

ከሣጥን ሲወጣ የፈሰሰው ትርፍ ይላጋል። የጎደለው ቦታ ቶኖኮ በሚባል የደቀቀ የሸክላ አፈር ከኡሩሺ ጋር ተለውሶ ይሞላል፤ ጉድጓዱ ትልቅ ከሆነ የእንጨት ዱቄት ይጨመርበታል። ተመልሶ ወደ ሣጥን። ይወጣል፣ በውኃና በከሰል ወይም በአሸዋ ወረቀት ይለሰልሳል። ጥቁር ኡሩሺ ይቀባል። ተመልሶ ወደ ሣጥን። ይወጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይደገማል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ሥራ አይደለም፤ አንዱን እርከን በግማሽ ሰዓት የጨረሰ ሰው ለሚቀጥለው ቀናት ወይም ሳምንታት ይጠብቃል። ስለዚህ ጠጋኞች አንድ ጽዋ ብቻ ይዘው አይቀመጡም። ሣጥኑ ውስጥ የተለያዩ ሰዎች ሳህኖች ተራርቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ወርቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በመጋጠሚያው ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀይ ኡሩሺ ይሰመራል፤ ቀይ የሚሆነው ከወርቁ ሥር ሙቀት እንዲሰጥ ነው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ሲያጣብቅ፣ የወርቅ ዱቄቱ በሐር ጥጥ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል። ቶሎ ከነሰነስከው ወርቁ ሰምጦ ይጠፋል፤ ዘግይተህ ከነሰነስከው አይያዝም። ሲጠነክር በአጌት ድንጋይ ይወለወላል፤ የጥንቶቹ ለዚህ ታይ የተባለውን ዓሣ ጥርስ ይጠቀሙ ነበር። ከሦስት ወር ሥራ ውስጥ ወርቅ የሚነካበት ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ወርቅ መነስነስም ከኪንትሱጊ የቀደመ ጥበብ ነው፤ የኡሩሺ ዕቃ አስጊያጮች ማኪኤ እያሉ ለመቶዎች ዓመታት ሲሠሩበት ቆይተዋል።

ለሚቸኩል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ዛሬ በሳጥን የሚሸጡ ብዙ መለማመጃዎች ኤፖክሲ ማጣበቂያና የነሐስ ቀለም ያለው ዱቄት የያዙ ናቸው፤ ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ለጌጥ ምንም አይልም። ሻይ ለመጠጣት ግን አይመከርም።

ኡሩሺውም የራሱ ጥበቃ አለው። በሰሜን ጃፓን ኢዋቴ ግዛት፣ ኒኖሄ ከተማ ውስጥ ጆቦጂ የሚባል አካባቢ አለ፤ አገር ውስጥ ከሚመረተው ኡሩሺ አብዛኛው የሚገኘው ከዚያ ነው። አንድ ዛፍ ለመወጋት ከ10 እስከ 15 ዓመት ማደግ አለበት። ከሰኔ አካባቢ ጀምሮ ወጊው በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሰ ቅርፊቱን በቀጭኑ ይጭራል፤ የሚያነባውን ጭማቂ ማንኪያ በማንኪያ ይሰበስባል። ወቅቱ ሲያልፍ ከዛፉ የተገኘው 200 ግራም ገደማ ነው። ከዚያም ዛፉ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ይወጣል፣ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ጃፓን የምትጠቀምበት ኡሩሺ አብዛኛው ከቻይና የሚገባ ነው፤ መንግሥት ግን በ2015 የብሔራዊ ቅርስ ሕንጻዎች እድሳት በአገር ውስጥ ኡሩሺ እንዲሆን ወስኗል። ዩኔስኮ በ2020 ከመዘገባቸው የጃፓን የእንጨት ሕንጻ ጥበባት መካከልም ኡሩሺ ማምረት አንዱ ነው።

የጥበቡን አነሳስ በተመለከተ በየመጽሐፉ የሚደጋገም አንድ ታሪክ አለ። ከ1436 እስከ 1490 የኖረው የጃፓን የጦር ገዥ (ሾጉን) አሺካጋ ዮሺማሳ ከቻይና የመጣ፣ የሎንግቹዋን አረንጓዴ ሴላዶን ጽዋ ነበረው። ጽዋው ተሰነጠቀ። ዮሺማሳ ወደ ቻይና ልኮ በምትኩ እኩያውን ላኩልኝ አለ። በሚንግ ዘመን የነበሩት ሠሪዎች ግን የቀድሞዎቹን የሶንግ ዘመን ጥራት የሚደርስ ሊያገኙ አልቻሉም፤ ስንጥቁን በብረት ቆንጣጮች ሰክተው ያንኑ ጽዋ መለሱለት። ታሪኩ ሲነገር እዚህ ላይ «ሾጉኑ ባየው ነገር ተጸይፎ የአገሩን ጠቢባን የተሻለ ፈልጉ አላቸው፤ ኪንትሱጊም ተወለደ» ይባላል።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ጽዋው ራሱ ደግሞ ይቃወመዋል። ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል፤ ብረቱም ከነጭራሹ አልተነቀለም። ጃፓኖቹ ቆንጣጮቹን ትልቅ አንበጣ ያረፈ አስመስለው ስላዩዋቸው ጽዋውን ባኮሃን ብለው በአንበጣው ሰየሙት፤ በብረቱ የተነሳም ወደዱት። ታሪኩን በ1727 የጻፈው ሊቅ ኢቶ ቶጋይም ያወሳው ይህንን አድናቆት ነው።

በሻይ ሥነ ሥርዓት ታሪክ ውስጥ ለጨዋታ ሠሪ የሚጠቅሙ ከዚህ የተሻሉ ጽዋዎች አሉ። ቶዮቶሚ ሂደዮሺ፣ አገሪቱን በጦር አንድ ያደረገው ሰው፣ ከኮሪያ የመጣ፣ ቀድሞ የጦር አበጋዙ ትሱትሱይ ጁንኬይ የነበረ ጽዋ እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ አሽከር ጣለው፤ አምስት ቦታ ሆነ። የሂደዮሺን ቁጣ የሚያውቅ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። በቦታው የነበረው ገጣሚ ሆሶካዋ ዩሳይ ግን የድሮ ግጥም አጣሞ፣ ጥፋቱን ወደ ራሱ የሚያዞር የቀልድ ስንኝ ወዲያው ተናገረ። ሂደዮሺ ሳቀ፣ ልጁም ተረፈ። ጽዋው ተጠግኖ እስከ ዛሬ አለ፤ ዋጋውም ከመሰበሩ በፊት ከነበረው የሚያንስ አልሆነም።

ሆናሚ ኮኤትሱ (1558–1637) በእጁ የሠራው ቀይ የራኩ ጽዋ ደግሞ እሳት ውስጥ እያለ ነው የተሰነጠቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ይወረውረው ነበር። ስንጥቆቹ በወርቅ ተሞልተው፣ ከከንፈሩ የወረደው ነጭ ግርፍ በረዶ የለበሰ ተራራ መስሎ፣ ጽዋው «ሴፖ» ተባለ፤ ቶኪዮ ውስጥ በሃታኬያማ ሙዚየም ይገኛል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፉሩታ ኦሪቤ ነው። ይህ የሻይ ሥርዓት ሊቁ የሪኪዩ ደቀ መዝሙር አንድ ትልቅ የኮሪያ ጽዋ መጠኑ ስለበዛበት በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ አስቆርጦ፣ አሳንሶ አስገጠመው። ደህናውን ዕቃ! ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም፤ ጽዋው ግን ሚትሱይ ሙዚየም ውስጥ መስቀሉን እንደያዘ ይታያል።

እንዲህ ያለ ጽዋ ለእንግዳ ሲቀርብ የሚሆነውን ልብ ይሏል። ኮይቻ በሚባለው ወፍራም ሻይ ሥርዓት እንግዶቹ አንድ ጽዋ ነው የሚጋሩት። የመጀመሪያው ይጠጣል፣ ከንፈሩን የነካበትን ይጠርጋል፣ ለቀጣዩ ያሳልፋል። ሻይ ካለቀ በኋላም ጽዋው እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዚህኛው ዙር ሊታይ ብቻ። እንግዳው ወደ መሬቱ ዝቅ ብሎ፣ ክርኑን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ገልብጦ ያየዋል፤ ምንም ቢወደው ግን የእሱ አይደለም፣ ያሳልፈዋል።

ካርታ ራሱ ወደ ጃፓን የገባው በሂደዮሺና በኦሪቤ ዘመን ነው። ፖርቱጋሎች በ1543 ከደረሱ በኋላ መርከበኞቻቸው ይዘውት መጡ፤ መንግሥት ቁማሩን እየከለከለ፣ አታሚው ሥዕሉን እየለወጠ፣ በመጨረሻ በአሥራ ሁለቱ ወራት አበቦች የተሣለው ባለ 48 ካርታ ሃናፉዳ ተገኘ። በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ፉሳጂሮ ያማውቺ ሃናፉዳ የሚያትም ሱቅ ከፈተ፤ ዛሬ ኒንቴንዶ የምንለው ኩባንያ ያ ነው። ዛሬ ደግሞ «ጌም ማርኬት» በተባለው የቶኪዮ አካባቢ ባዛር ላይ፣ ቀን ቢሮ የሚውሉ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙትን መዳፍ የሚያክል የጨዋታ ሳጥን ደርድረው ይሸጣሉ።

ወደ ዝምድናው ልመለስ። ጠጋኞች ዮቢትሱጊ የሚሉት ዘዴ አላቸው። ሳህን ተሰብሮ አንዱ ገል ሲጠፋ፣ ከሌላ ሳህን፣ ከሌላ ምድጃ፣ አንዳንዴም ከሌላ ዘመን የመጣ ገል ተሞርዶ በቦታው ይገባል። ግራጫ የካራትሱ ሸክላ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት ነጭ ገል ተሰክቶ ታያለህ። አይመሳሰልም፤ እንዲመሳሰልም አልተፈለገም።

የማሳለፍ ጨዋታም ይኸው ነው። የራስህ ገል ተመልሶ አይመጣልህም። የሚመጣልህ ጎረቤትህ አይቶ ያለፈው፣ የእሱም ጎረቤት ያለፈው ነው። በዚያ የሰው ትራፊ የራስህን ጎዶሎ ትሞላለህ። እንግዲህ ሸክላ ጥገናን ጨዋታ ለማድረግ የሚነሳ ሰው ከዮቢትሱጊ ቢጀምር ሒሳቡና ርዕሱ አንድ ይሆኑለታል። ከወርቁ የጀመረ ግን ሱሺውን በገል የተካ ብቻ ነው የሚሆነው። ኪንትሱጊን ስለ ቆሰለ ልብ ምክር ማጌጫ ያደረጉት መጻሕፍትም ከወርቁ ነው የጀመሩት፤ የስንዴ ዱቄቱንና የእርጥብ ጨርቁን ነገር አያነሱም።

እስቲ ደንቡን በወረቀት ላይ እንሞክረው። ለአራት ሰው 84 ካርታ፦ 36 ገል፣ 28 ኡሩሺ፣ 20 ወርቅ። ገሎቹ ከአራት ምድጃ ይመጣሉ፤ ራኩ፣ ሺኖ፣ ካራትሱና ሴላዶን፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ። ሦስት ዙር አለ። በየዙሩ ሰባት ካርታ ይታደላል፤ ከ«7 ዎንደርስ» ተበድረን ስድስቱን እንጫወታለን፣ ሰባተኛውን እንጥላለን። ገሎች ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፤ አራት ገል አንድ ጽዋ ይሆናል፣ በመካከላቸውም ሦስት መጋጠሚያ አለ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ መጀመሪያ ኡሩሺ፣ በላዩ ደግሞ ወርቅ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ጽዋ 10 ካርታ ይበላል። አንድ ተጫዋች በጨዋታው ሙሉ የሚያገኘው 18 ካርታ ነው፤ ለሁለት ጽዋ 20 ያስፈልጋል። ምንም ብትራቀቅ የሆነ ነገር ይጎድልሃል።

ጊዜ የሚገባው እዚህ ነው። ወርቅ የሚቀመጠው ባለፈው ዙር በተቀባ ኡሩሺ ላይ ብቻ ነው፤ በዚሁ ዙር የተቀባው ገና ሣጥን ውስጥ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ገሎች ሳይኖሩት ኡሩሺ የወሰደ ሰው ካርታው ይደርቅበታል፣ ይጣላል። ወርቅ ግን ተይዞ ይቆያል፤ እስከ መጨረሻው ቦታ ካላገኘ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ብልጭ ያለውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ተጫዋች ወርቅ ታቅፎ ገል ያጣል።

ነጥቡስ? ከአንድ ምድጃ የመጡ ሁለት ገሎች በኡሩሺ ሲጋጠሙ 2፣ ወርቅ ሲነሰነስባቸው 3። ከተለያየ ምድጃ የመጡ በኡሩሺ ብቻ 1፣ በወርቅ ግን 5። ወርቁ ተመሳሳዩን በ1፣ ባዕዱን በ4 ነው የሚያሳድገው። ከዚህ አንድ ነገር ሳይታሰብ ይወጣል። በሦስተኛው ዙር የተቀባ መጋጠሚያ መቼም ወርቅ አያይም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ባዕድ ገል እየሰበሰብክ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ተመሳሳዩን እየፈለግህ ትመጣለህ። ሁሉም ተጫዋች በአንድ ጊዜ ፊቱን ያዞራልና በሦስተኛው ዙር ካርታዎቹ ዋጋቸው ይገለባበጣል። በግራህ ያለው ሰው ሁለት ባዕድ መጋጠሚያ አድርቆ ወርቅ ሲጠብቅ ካየህ፣ እጅህ ላይ ያለችው ወርቅ ለእሱ 4 ነጥብ ናት። ለአንተ ቦታ የላትም። ብትወስድበት አንድ ትከፍላለህ። በዚህ ዙር ምቀኝነት ርካሽ ነው፤ ሦስት ሰው በዙሪያህ ስላለ ግን አንዱን ስትከለክል ሁለቱን ትጠቅማለህ።

ማን ይቀድማል የሚለው ጥያቄ የለም፤ ሁሉም እኩል ስለሚገልጡ። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል ብዬ እገምታለሁ። ውጤት ሲቆጠር ተጫዋቾቹ ጽዋቸውን ለጎረቤት ገፋ አድርገው ቢያሳዩና ጎረቤት ቢቆጥርላቸው ደስ ይለኛል፤ የሻይ ቤቱ ሁለተኛ ዙር ያ ነው። ደንብ አድርጌ ግን አላስገድድም። በካርታ ጨዋታ ላይ ሥርዓት ሲበዛ ሰው ይሰለቻል።

ያልተፈታው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ሁለት ብቻ ስትሆኑ እጆቹ ሁለት ናቸው፤ በሁለተኛው ምርጫ ላይ የወጣውንና የቀረውን ሁሉ አይተሃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው የማይረሳው ነው። መላው ሦስተኛ እጅ መጨመር ነው። 21 ካርታ በሦስት ይታደላል፤ አንዱ ተደፍቶ መካከል ያርፋል። በየምርጫው አንደኛው የያዘውን ለሌላው ይሰጣል፣ ሌላው የያዘውን መካከል ያሳርፋል፣ ቀድሞ መካከል የነበረውን የመጀመሪያው ያነሳል። ስድስት ስድስት ሲመርጡ ዘጠኝ ካርታ ሳይነካ ይቀራል፤ ከእነሱ ውስጥ የሚታገተው ወርቅ ጥቂት ስለማይሆን ለሁለት ሰው ወርቁን ከ20 ወደ 24 ማሳደግ ይቻል ነበር። እኔ ግን 20 ላይ እተወዋለሁ፤ ያለ ወርቅ፣ በጥቁር ኡሩሺ ብቻ የተጠገነ የአንድ ምድጃ መጋጠሚያም 2 ነጥብ አለው።